ለሌላው ዜሮ

ሞተሩን አጥፍቶ፣ ይስማው ገመድ ጣለ፤
«አንቺ እዚሁ ነሽ እንግዲህ» አለ።
አውቃለሁ። ይህች ደሴት ሴት አትወጣባትም፤
ሕጉም የቆየ ነው፣ ለእኔ ብለው አላወጡትም።
ላፕቶፔ ጉልበቴ ላይ፣ ነጠላዬ ለጥላ፣
የናፍጣ ጀሪካን ከፊቴ፣ ደንገል ከኋላ።

የዕቃ ቤቱ ማሽን፣ አምና የላክነው፣
የብራናውን ሁሉ ዝርዝር የያዘው፣
ማንበቡን ያነባል፣ መጻፉን እንቢ አለ።
አባ ጽጌ ከግንቡ ላይ ጎንበስ ብለው፦
«አንዲት ድጓ ልጨምር ስል ‹አልተፈቀደም› ይለኛል፤
ልጄ፣ በገዛ ዕቃ ቤቴ ማን ይከለክለኛል?»

እግሬ ከማይደርስበት ጣቴን ሰደድሁት፤
አጥሩን በአየር ዘለልሁት።
በሙያችን «ሥር» ይባላል፣ ሁሉን የሚያዝ ስም፤
እኔ ሥር ነኝ እዚያ ቤት፣ ደጁን ባልረግጥም።

ዳታቤዙን አየሁት። ባለቤት፦ እኔ።
ባሕር ዳር ቢሮ ስጭነው በስሜ ቀርቶ ኖሯል፣ ወይኔ!
ሰርቨሩ በሌላ ስም የገባ ሎሌ ነው፤
በመስኮት ያነባል እንጂ፣ ብዕር ማን ሰጠው?

ለፋይሉ ፈቀድሁለት። «ይሞክሩት፣ አባ።»
ጠበቅን። አንድ ዳክዬ ደንገሉ ውስጥ ገባ።
«እንቢ!»

ዝም አልሁ። ውኃው የጀልባዋን ሆድ ይመታል።
ከዚያ ገባኝ፤
ብዕር አቀብዬ ወንበር ነሥቼዋለሁ።
ፋይሉን እንጂ ማኅደሩን አልከፈትሁለትም፤
ጸሐፊ ደግሞ ረቂቁን ከጎኑ ሳያኖር፣
ቢሳሳት የሚመለስበት ሳይኖር፣
አንዲት ፊደል አይጥልም።

ይስማው ሰማይ አየ። እሱም ኮምፒውተር ቤት ሠርቷል፣ ድሮ።
«ሰባት ሰባት ሰባት በይውና እንሂድ፤ ነፋሱ መጣ፣ ዞሮ።»
ሰባት ሰባት ሰባት፦ ለጌታ፣ ለማኅበር፣ ለመንገደኛ፤
የማሳ አጥር ፈትቶ፣ ጉማሬ እያየ እንደሚተኛ።
አይሆንም።

ማኅደሩን ከነፋይሉ በአባ ስም አዞርሁ፤
ሎሌውን ከእሳቸው ጋር በአንድ ማኅበር ቆጠርሁ፤
ለሁለቱ ሰባት ሰባት፣
ለሌላው ዜሮ።

«ጻፈልኝ!» አሉ አባ፣ ከግንቡ ወዲያ።
ገመዱ ሲፈታ፣ ሞገዱ ገና ሳይርቅ፣
ሥርነቴን አውልቄ፣
በገዛ ስሜ ገብቼ፣ መዝገቡን ላይ ብዬ ነካሁ።
«አልተፈቀደም።»
ይስማው ከመሪው ዞር ብሎ፣
«ተበላሸ እንዴ?» አለኝ።
«የለም» አልሁት፣ ክዳኑን እየዘጋሁ፣
«ልክ ሆነ።»