የቴክላ መልክ

ሐይቁ በረዶውን ባራገፈ ማግስት
በቡፋሎ ምሥራቅ፣ የፖላንዶቹ ደብር ሲዘጋ፣
ደወሉ ተሸጠ፣ አግዳሚው በዋጋ።
እሷን የጠየቀ የለም።
በብርድ ልብስ ጠቅልለው እኔ ጋ አመጧት፤
ከጥላሸቱ ሥር ሁለት ዐይን ብቻ ነው ያየኋት።

«ቅድስት ናት» አሉኝ። «ስሟ ከግርጌ ተጽፏል፤
ይኸው ዘንባባዋ፣ ይኸው አክሊሏ፣
ጣቷም ላይ ደሟ ይታያል።»
ሰማንያ ዓመት ሻማ ነደደላት፤
የታመመ ልጅ፣ የጠፋ ባል፣ የተዘጋ ፋብሪካ ተነገራት፤
የለመነ ሁሉ ትንፋሹን ጥሎባት
የልመናው ጢስ መልኳን ጋረዳት።

የኔ ሥራ ማጽዳት ነው።
መድኃኒቱ ሞልቷል፣ ጠርሙሱ በድርድር፤
ለእንዲህ ያለ ጥላሸት ግን ምራቅ ይበልጣል፣ ይህ ነው የሙያው ምሥጢር።
ጥጥ በስንጥር ጠቅልዬ፣ በምላሴ አርሼ፣
እንትፍ እያለ እንደሚመርቅ አዛውንት ጐንበስ ብዬ
ከጉንጯ ጀመርሁ፤
ጥጡ ጠቆረ፣ ቀየርሁ፤ ጠቆረ፣ ቀየርሁ።

በሁለተኛው ሳምንት አክሊሏ ሆነ ባርኔጣ፣
ከኋላዋ ምስማር ላይ የዋለ፣ ገለባው የገረጣ።
ዘንባባዋ ብሩሽ፣ ፀጉሩ የሳሳ፤
ደሟም ቀይ ቀለም፣ ከጣቷ ያልተነሳ።
ረስታው አይመስለኝም።
ራሷን ልትሥል የተቀመጠች፣
ዕንቁ፣ ሐር ማማረጥ ስትችል
የሥራ ሽርጧን መረጠች።

ደብተራ ቢያገኛት መልክ በደረሰላት፦
ሰላም ለቅንድብሽ፣ አንዱ ላቅ ላለው፣
ሰላም ለእጅጌሽ፣ እስከ ክርን ለተጠቀለለው፣
ሰላም ለዐይንሽ—
እዚህ ላይ ግን ብዕሩ ይቆማል፤
ዐይኗ ማንን ያያል?
«አየችኝ» እያለ የወጣው ምእመን ሁሉ ተሳስቷል፤
እሷ መስተዋቷን ነው ያየችው፤
እነሱ የቆሙት
መስተዋቱ በነበረበት ነው።

ሐሙስ ዕለት ወይዘሮ ጌኖቬፋ መጡ፣
በዘጠና አንድ ዓመታቸው፣ ደረጃውን በእግራቸው ወጡ።
አዩዋት። ጓንታቸውን አወለቁ።
«የቫንዳን ሕመም የነገርኳት ለዚች ነው? ለሠዓሊ?»
ምን ልበል? ጥቁር ጥጤን በኪሴ ደበቅሁ።
ቆይተው፣ በጣም ቆይተው፣
«ቫንዳ ግን ድናለች» አሉ፤
«ሴትዮዋ ሥራ ላይ ነበረች፤ ለዚህ ነው ቶሎ ያልመለሰችልኝ።»

ፊርማዋን በኛ ፊደል ብጽፈው፣ ቴክላ፣
ከቴ እግር ላይ ቀለበቷ ብትወልቅ
ስም መሆኑ ቀርቶ ግሥ ይወጣል፦
ራሷን በማታውቀው ግድግዳ
ተክላ
ሄደች።

በቀኝ ጥግ፣ ጥፍር የምታህል ጥቁር ትቻለሁ፣
ሳትጸዳ የቀረች፤ በሙያችን «ምስክር» ትባላለች።
አለቃዬ «ይህችንስ?» ሲለኝ
የሰው ነች አልኩት።