የገቡበት በር

ማዘጋጃ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላዬን ተክዬ፣
የጦሳ ጉም እንዳያርሰው ወረቀቱ ላይ ላስቲክ ጥዬ፣
ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ለውርስም፣ ለካርታም፣ ለፍችም።
እንደ ዛሬው ያለ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

አቶ ሙቅቢል መጡ፣ የጋዝ ነጋዴው የናጂ ልጅ፣
ኩርቱ ፌስታል አንጠልጥለው በግራ እጅ።
ፌስታሉ ይንቃጨላል። ሰነድ ይንቃጨላል እንዴ?
አልሁ በሆዴ።

ቅጹን ገለጥሁ። ስም ከነአያት። የእናት ስም።
"ዘምዘም አራጌ። የቦሩ ሜዳ ልጅ፣ አላህ ይማራት፣ ከደሴ ወዲያ ረግጣ አታውቅም።"
ዜግነት።
"እሷን እለፊያት። እሷን ፍለጋ አይደል የመጣሁት፣ በዚህ ብርድ፣ በማለዳ፣
ስልሳ ሰባት ዓመት በተወለድሁበት ቤት እንግዳ።"

ቀጥሎ፦ ከልደት እስከ ዛሬ የኖሩባቸው አድራሻዎች፣
በቅደም ተከተል፣ ያለ ክፍተት፣ ከነማስረጃው ይገለጽ።

ይኸኔ ፌስታሉን ገለበጡት።
ቆርቆሮ! አራት የቤት ቁጥር፣
በጉጠት የተነቀለ፣ ከነሚስማሩ፣ ከአንድ በር።

"ይኸ የከፍተኛው ነው። ይኸ ቀለሙ የረገፈው የቀበሌ ዘጠኝ፣
ይኸ የክፍለ ከተማው፣ ትናንት የተመታ፣ አዲስ ነውና ጣቴን የቆረጠኝ።
ይኸን አላውቀውም፤ የመብራት ኃይል ይሆናል።
በፊትማ ቁጥር ማን ያውቃል፤ 'ናጂ ጋዝ ቤት' ካልሽ ዕውርም ያደርስሽ ነበር።
እኔ ንቅንቅ አላልሁም፣ አንች ልጅ። አድራሻዬ ነው በላዬ ሲዞር።"

አራቱን መስመር ሞላሁ። አንድ ቤት፣ አራት ቦታ።

ከአሥራ አራቱ ጥቅምት ስንደርስ እጄ ቆመ።
ሠላሳ ስምንት ቀን ባዶ።
"ያኔማ ከተማው ወጣ፣ በሐረጎ ቁልቁል እንደ ናዳ ተንዶ።
እኔም በነጠላ ጫማ፣ ይኸን መዝገብ ታቅፌ።
አልብኮ፣ ከአንድ ኮረብታ ላይ፣ አንዲት ሴት በር ከፈተችልን።
ስሟን አልጠየቅኋት። የኔንም አልጠየቀች።
'ግቡ' ነው ያለች።"

የአከራይ ስም። የአከራይ ፊርማ።
ጻፍሁ፦ አልብኮ፤ የቤት ቁጥር የሌለው፤ "ግቡ" ያለች ሴት።
ሰረዝሁት።
መልሼ ጻፍሁት።

ለነዋሪነት ማስረጃ ያቀረቡት የአባታቸው የዱቤ መዝገብ ነው፤
አኃዙ ዐረብኛ፣ ስሙ አማርኛ፣ ዳር ዳሩን ጋዝ የጠጣው።
ሸኽ እንድሪስ፣ ሁለት ጠርሙስ፣ ለመውሊድ ሌሊት።
መሪጌታ ንዋይ፣ አንድ ጠርሙስ፣ ስልሳ ሳንቲም፣ ለማኅሌት፤
አልተከፈለም።
"እኒህ አያቴ ናቸው" አልሁ።
መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ፣ አፍንጫዬን በተለይ።
"አንችማ ነሽ" አሉ።

የመጨረሻው ገጽ፦ ወደ አገር የገቡበት ቀን። የገቡበት በር።
እሳቸው ጦሳን አዩ። ጉሙ ወደ ላይ ይሸሽ ነበር።
"ሸዋ በር" አሉ ቆይተው። "ጻፊው፣ አብሽሪ፣ ውሸት የለውም።
ጋዝ ቤቱ ጓዳ፣ ሌሊት፣ አዋላጇ ፋኖስ አስይዛ አባቴን።
በዚያ ገባሁ። ሌላ በር አላውቅም።"

ቆርቆሮ በስቴፕለር አይመታ። ላስቲኩ ላይ ደርድሬ
ፎቶ አነሳኋቸው፤ የአንዱ ዝገት አልጠራልኝም።
"ሒሳብ?" አሉ። ሁለት መቶ ሃምሳ አልሁ፣
የአያቴን ስልሳ ሳንቲም ቀንሱ ብዬ።
"አባቴ ሙት አይጠየቅም ይል ነበር"
ብለው ሞልተው ከፈሉ፤ ትንሽም የተቆጡ መሰለኝ።

ፌስታሉን እያንቃጨሉ ወጡት ዳገቱን፣
ቆጣሪ አንባቢው ሳይደርስ ሊመቱ ቁጥሩን።