ኖራና ሰም

ሐምሌ ጅማ ገባ፣ እንደ ልማዱ ሳይጠራ፣
ከአዌቱ ጉም ይዞ፣ ከጅሬን ደመና እየመራ።
የአባቴን ቤት አላበው፣ ከወለሉ እስከ ትከሻው፤
ጣቴን ባሳርፍበት ልስኑ ይከተለኛል ከነቆሻሻው።

የሰርጌ ኮት ሻግቶ ኮሌታው ጢም አብቅሏል፤
የታጠበ አንሶላ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ውሎ አድሯል፤
እንደ ራሰ ውሻ ይሸታል።
ክብሪት ስጭር ሰባቱ እጄ ላይ ይፈርሳል፤
ስምንተኛው፣ ደስ ሲለው፣ ይለኮሳል።
«ከውጭ ዘነበ፣ ከውስጥ ዘነበች» ብላት ሚስቴን፣
«በስሜ አታላግጥ» ብላ አቀበለችኝ ባልዲውን።

አምና ሲሚንቶ ገዛሁ፤ በብድር።
«እስቲ አሁን» አልኩ፣ «ውሃ በየት ይግባ፣ የት ይደር?»
ጭቃውን ለበጥኩት፣ ቀለም ቀባሁት፣ አንጸባረቀ፤
ያለፈ ያገደመው መንገደኛ ሁሉ አደነቀ።
ሰኔ ሲመጣ ቀለሙ አበጠ፣ እሳት እንደነካው ቆዳ፤
ፈነዳ፤ ከውስጡ ወጣ የጨው አበባ፣ ነጭ ዕዳ።

ከሰል አስገባን፤ መስኮቱን ጠረቀምን፤
ብርዱ ሸሸልን፤ ተጫወትን፣ አንቀላፋን።
ሌሊት ዘነበች ነቃች፤ «ልጅቷን!» ብላ ጮኸች፤
ሚልኪን በረንዳ አወጣናት፤ ዝናቡ ላይ አስመለሰች።
ከዚያ ወዲህ ብርዱን መረጥን። ብርድ ጠላትነቱን ይናገራል፤
ከሰል ግን እንደ ዘመድ ስሞ፣ አቅፎ ያስተኛል።

ከሊፋ አባ ሜጫ መጣ፤ የድሮ ግንበኛ፣ የመንደራ ሰው፤
ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ በምላሱም ቀመሰው።
«ጭቃ ነው። ጭቃ ይጠጣል፤ ፀሐይ ስትወጣ ይተፋል፤
አንተ አፉን ደፈንከው፤ ታዲያ በምን ይተነፍሳል?
ዝናቡስ ምን አጠፋ?
አፉን የተያዘ ሰው ምራቁን የት ይትፋ?
ሲሚንቶው ይነሳ። ኖራ እናልብሰው። ዙሪያውን ቦይ ቆፍር፤
አሸንዳህ ቀዳዳ ነው፣ ስንት ዓመት መሠረት ላይ ሲያድር።»

አሥራ አንድ ቀን ቀጠቀጥን።
በአሥራ ሁለተኛው፣ ሳሎን ላይ፣ የመዶሻው ድምፅ ተለወጠ፤
«ባዶ ነው» አለ ከሊፋ፤ ጡቡን ፈልቅቆ አፈጠጠ።
ምድጃ! ቤቱን የሠራው ጣሊያን የተወው፣ ጭስ መውጫ ያለው፤
አባቴ በጡብ የደፈነው።
(መድፈንን ለካ የወረስኩት ነው።)
ልጅነቴን ሁሉ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርቤ፣
ጥርሴ ከጥርሴ ሲጋጭ፣ እሳት ነበር ከአጠገቤ?
ሙት ወቃሽ አትሁን ይላሉ። ሆንኩ።

ባትሪ ወደ ላይ አበራን። ከጉሮሮው መሀል
ክንድ ክንድ የሚያህል የማር እንጀራ ተንጠልጥሏል፤
ጆሮ ለሰጠ ሰው፣ ህምምም ይላል።
ወርቁን እንጃ፤ ሰሙ ግን ይኸው፣ ቢጫ፣ ደረቅ።

ስልክ ደወልኩ፤ ወርቁን የፈታችው አክስቴ ናት፣ ጥሩወርቅ፤
«አታውቅም እንዴ?» ብላ፣ ልቧ እስኪጠፋ ስትስቅ፤
«የገቡ ለት ክብሪት ይዞ ቆመና እጁ አልታዘዝ አለው፤
‹እንግዳ በጭስ አይባረርም› ብሎ፣ ከታች ገነባው፣ ከላይ ተወው።
ያንተን አልጋ ግን ከጀርባው አስጠጋ።
እጅህን አሳርፈህ ታውቃለህ፣ እዚያ ግድግዳ ጋ?»

አሳረፍኩ። ለብ ይላል። ከዚህ ሁሉ ግድግዳ
ላብ የማያውቅ እሱ ብቻ፣ ሠላሳ ዓመት ያልተጎዳ።

ኖራው ጉድጓድ ውስጥ ይፈላል፤ ገና ሳምንታት ይተኛል፤
ከሊፋ ለጥቅምት ቀፎ አመጣለሁ ብሏል፤ ዋንዛው ላይ ይሰቀላል፤
እሳቱም ያኔ ይነድ ይሆናል።
ዘነበች የሚልኪን አልጋ ትጎትታለች፣ ወደዚያው።
አሸንዳው ገና ያፈሳል። ባልዲው ሞልቷል። ልድፋው።