የጀጃው ጥፍር

ጀጃው ግንቡን ያነባል፣ በአውራ ጣቱ ጥፍር፣
ከእምቢልታ በር አንሥቶ እስከ ተዝካሮ በር።
«ይኼ ያባት ኖራ ነው፤ ነጭ፣ እንደ ከረመ አጥንት።
ይኼ የልጅ፤ ቀላ ያለ፣ አሸዋ የበዛበት።
ይኼ ደግሞ… እንጃ፣ የማን እንደሆነ፤
ኖራው ሳይደርቅለት በመርዝ የባከነ።»

ግንቡ ደጅ ደጁን አየ፣ ጦር ይመጣል ብሎ፤
ሞት ግን ማጀት ነበር፣ ከጠጁ ተቀላቅሎ።

ዘንድሮ ክረምት ገባ፤ አንድ ክንድ ተናደ።
ተቋራጩ ሲሚንቶ በመኪና ሰደደ።
«አይዋጥለትም» አለ ጀጃው። ማን ሊሰማው!
መስከረም ሳይጠባ ግንቡ ራሱ ተፋው።

ግራጫውን ቅርፊት አንሥቶ ለዘበኛው አሳየ፦
«አንተ ተኝተህ ሳለ፣ እሱ ሌባ ለየ።»

ከዚያ ኖራውን ሊያቦካ ወረደ።