የእንጨት ጥለት

«ግፋው እንጂ አትጫነው» ይለኛል ራሕሚን፣
«መጋዝ አይታዘዝም ክንዱን ለሚያምን።»
ያፎ ነው፤ ከአሮጌ ዕቃ ተራ ጀርባ፣
ማጠፊያውን ጨው የበላው በር ገፍተህ ስትገባ፣
ሙጫ ሙጫ የምትሸት፣ አንድ መስኮት ያላት፣
እግሩ የጎደለ ወንበር፣ የአልጋ ራስጌ የሞላት።
እሱ ሰማንያ ሁለት፣ እኔ ሐምሳ ዘጠኝ፤
ከኔ ሌላ ተማሪ የለው፣ ከሱ ሌላ መምህር የለኝ።

የሚያስተምረኝ ዳር ነው። የጠረጴዛ ዳር።
ከትንሽ ጣት የቀጠነ፣ ዙሪያውን የሚዞር፣
ሎሚና ዞጲ እንጨት ጥርስ ለጥርስ የተናከሱበት፣
ወይራ መሐል ገብቶ ያስታረቀበት።
«በናንተ ምን ይባላል?» አለኝ አንድ ቀን።
«ጥለት» አልኩት፣ ከኩታ ጠርዝ ነጥቄ ስሙን።
«ቲሌት» ይላል እስከ ዛሬ። ጠ አትወጣለትም።

ስስ ቅጠል እንጨት ትደራርባለህ፤
ሎሚ፣ ዞጲ፣ ሎሚ። ሙጫ ቀብተህ፣ ጠፍረህ ትተኛለህ።
ማግሥቱን በሰያፍ እንደ ቋንጣ ትዘለዝለዋለህ፣
አንዱን ገልብጠህ ከአንዱ ታጋጥመዋለህ።
ደግሞ ሙጫ። ደግሞ ማደር።
ከዚያ ጎኑን ስትሰነጥቀው፣ በቀጭኑ፣ እንደ ድር፣
ያኔ ነው መልኩ ብቅ የሚል፤
ሆዱ ውስጥ ነው የከረመው፣ ላዩን ተራ ጣውላ ሲመስል።
(ራሕሚን ደማስቆ የተማረውን ሊነግረኝ ይጀምርና፣
አባቱ ሱቅ በር ላይ ሲደርስ፣ ሻይ ይቀዳል እንደገና።)

እኔ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። ወገራ።
ሰዉ በጨለማ መጥቶ ማረሻ የሚያሠራ፣
ቀን ሲያገኘን መንገድ የሚቀይር፣
ሕፃኑን በነጠላ የሚሰውር።
ጠይብ ይሉታል አባቴን፤ ዝቅ አድርገው፣ በጥርሳቸው መሐል።
ያ ቃል ከጥበብ ጋር የአንድ ግንድ ፍልጥ መሆኑን ማን ይነግራቸዋል?
እሱም አልነገራቸው። መዶሻውን በጆንያ ጠቀለለ፤
«ልጆቼ አይነኩሽም» ብሎ በኦሪት ማለ።

አልነካሁም። ሠላሳ ዓመት ራምላ፣ የፋብሪካ በር ዘብ፣
ሌሊቱን ቁልፍ ስቆጥር፣ የመኪና ታርጋ ሳነብ፣
እጄ ለስላሳ፣ ንጹሕ፣
ምንም የማያውቅ እጅ።
አምና ወገቤ ከዳኝ፤ በጊዜ ጡረታ አወጡኝ።
ዝማም ሚስቴ፣ «ጥላ ሥር ካርታ ከሚጫወቱት ጋር ተቀመጥ» ብትለኝ፣
አውቶቡስ ተሳፍሬ እዚህ ሰፈር ወረድኩ።
መዶሻ ሲመታ ሰምቼ ገባሁ። ለምን ብዬ ራሴን አልጠየቅኩ።

እዚህ አገር አናጢውን «ናጋር» ነው የሚሉት።
አዲስ የገባሁ ሰሞን «ነጋሪ» መስሎኝ ሳቅሁበት፤
ጣውላ ምን ይነግራል?

ሦስት ወር ለፍቼ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ከበብኩ።
ቀጥታው ላይ ጀግና ነበርኩ።
ማእዘን ላይ ነው ጉዱ፤ ሁለት ጥለት በሰያፍ ሲገናኙ
የተኳረፉ ባልና ሚስት ይመስላሉ፣ ጎን ለጎን ሲተኙ።
ሦስቱ ገጠሙ። አራተኛው ላይ ዞጲ ከዞጲ ተላተመ፤
ነጩ ጥርስ ወልቆ ድዱ ብቻ ቆመ።
ራሕሚን በጥፍሩ ዳበሰው። ቆየ።
«መጋዙ የበላውን አልቆጠርክም» አለ፣ ወለሉን እያሳየ።
በያንዳንዱ ቁርጥ የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤
ኢምንት ነው፤ መቶ ጊዜ ሲሆን ግን አንድ ጥርስ ያህላል።
ተንበርክኬ ብናኙን በእፍኜ ለቀምኩ፣
ከሙጫ ለውሼ ክፍተቱን ደፈንኩ።
ሞላ። ቀለሙ ግን የሎሚም የዞጲም አይደለም።
ልፍቀው ስል እጄን ያዘኝ። ምክንያቱን አልነገረኝም።

ቅዳሜ ማታ የልጄ ልጅ አቪያ መጣች፣
ጣቷን ባቡር አድርጋ ጥለቱ ላይ ነዳች።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማእዘን አለፈች፤
አራተኛው ላይ ቆመች።
«አባባ፣ እዚህ ጋ ምን ሆነ?»

ወንበር ሳብኩላት።
«ወገራ» ብዬ ጀመርኩ። «ሌሊት ነው።
አንድ ሰው ማረሻ ተሸክሞ በራችንን አንኳኳ።»