ስምሽ ለመጠሪያ

የባሕር ዳር ማክሰኞ፣ ጣና ጭጋግ ለብሶ፣
የቢሮዬ ቆርቆሮ በጤዛ ርሶ፣
ገንዘብ ያዧ እኔ፣ የጀልባ ማኅበሩን ሒሳብ ልሠራ ስል፣
ስልኬ ብልጭ አለች፤ «እንኳን ደስ ያለዎት» የሚል።
የባንኩ ዓርማ አለ፣ ቀለሙ አልጎደለ፣
ከሥሩ ሰማያዊ መስመር፣ «እዚህ ይጫኑ» ያለ።

እምቦጭም እኮ ሲመጣ አበባ ነበረ፤
ሐምራዊ ቀሚሱን ውኃው ላይ ወጠረ፤
«ምን ያምራል!» ብለን ፎቶ ተነሣን ከጎኑ፤
ሥሩን እስክናውቀው መረቦቹ ታፈኑ።

ተጫንኩት።

ምንም አልሆነም። ሻይ ጠጣሁ፤ ትኬት ቆረጥኩ፤
ለዘጌ መንገደኞች መልስ መለስኩ፤
ከቀትር በኋላ ኮምፒውተሩን ብከፍት፣
የአርባ ሁለት አባል ሒሳብ፣ የዓመታት ልፋት፣
የነዳጁ ዕዳ፣ የሞተሩ መጠገኛ፣
የሟቹ የስመኘው ልጆች መጽናኛ፣
ሁሉም ተቆልፏል። ቀይ ገጽ ላይ ነጭ ፊደል፦
«ቁልፉ ከእኛ ዘንድ ነው። ሦስት ቀን። ከዚያ ገደል።»

ወዲያው ስልክ ተደወለ። ድምፁ ማር የተቀባ፣
«ወይዘሮ ትጓደድ» አለኝ እየተግባባ፤
«አይናዲስ ደኅና ናት? ስምንት ሞላት አይደል?
ያ ቀይ ቀሚሷ እንዴት ያምርባታል!
ከባንክ ነው፤ ላግዝዎ፤ አሁን የሚገባልዎን፣
ስድስት አሃዝ ብቻ፣ ይንገሩኝ ቁጥሩን።»

አራቱን ነገርኩት። አምስተኛው ላይ ምላሴ ቆመ፤
የልጄን ቀሚስ ማን ነገረው? ሆዴ ታመመ።

ዘጋሁት። በዘምባባው ሥር በባጃጅ በረርኩ፤
«ሒሳቡ ይታገድ» ብዬ ባንኩን ለመንኩ።

የነገረው እኔው ነኝ። ባለፈው፣ በልደቷ ዕለት፣
ከነሻማው ሥዕሏን ለዓለም የሰጠሁት።
የማኅበሩ ምሥጢር፣ የበሮች ሁሉ መክፈቻ፣
«አይናዲስ» ነበረ፤ ከኋላው የልደቷ ቀን፤ ይኸው ብቻ።
ቁልፌን ከበሩ ላይ ሰቅዬ ስተኛ
(ሌባስ ሌባ ነው) ማነው ጥፋተኛ?

አመሻሹ ላይ አንማው፣ ደንገል የሚያስረው፣
ታንኳውን ከውኃ ጎትቶ ሲያቆመው፣
ሄጄ ነገርኩት። ኮምፒውተር አያውቅም። ሰማኝ፤
ከጠብታው ሥር ቆሞ እንዲህ ሲል መለሰኝ፦
«ታንኳ ውኃ ይጠጣል፣ ደኅና ቢመስልሽም፤
በየማታው ካላቆምሽው ለሳምንት አይከርምሽም።
ይህ አንዱ፣ ያ ሌላው፤ አንዱ ሲሰምጥ አንዱ አለ፤
ሁለቱን በአንድ ገመድ ያሰረ ሞኝ ተባለ።»

ትዝ አለኝ። ቻላቸው፣ ጠጋኙ ልጅ፣ በጥቅምት
ሒሳቡን በትንሽ ዲስክ ገልብጦ፣ «ቤትሽ ደብቂያት»
ብሎኝ ነበር። ሣጥን ውስጥ፣ ከነጠላዬ ሥር አገኘኋት።

ግን ግንቦት ነው አሁን። ሰባቱን ወር ከደረሰኝ፣ ከደብተር፣
ከነዳጅ ሻጩ ትዝታ፣ ከአባላቱ ክርክር
ለቅመን ሠራነው። ጥቂት ብር እስከ ዛሬ አልገጠመ፤
አንድ አባል ሲያየኝ ፊቱ እንደጨለመ።
ለቀዩ ገጽ አልከፈልንም። ሦስቱ ቀናት ሄዱ፤
ገደል ያሉትን ይዘው ወዴት እንደወረዱ!

ቅዳሜ ስብሰባ፣ በዋርካው ጥላ ሥር፣
ቆሜ ተናገርኩት፣ ሳላስቀር አንድ ነገር።
«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። ማንም አልተነፈሰ፤
አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣
ከስልኩ ጀርባ የጻፈውን ቁጥር በምራቁ ደመሰሰ።

ዛሬ ማታ አይናዲስ ጉልበቴ ላይ ተኝታ፣
«እማ፣ የበሩ ቃል አሁንም እኔ ነኝ?» አለች በሹክሹክታ።
ከመስኮቱ ማዶ የአንማው ታንኳ ቆሞ ይንጠባጠባል፤
ስልኬ ይጮኻል፤ የማላውቀው ቁጥር፤ ይጩኽ፤ ይደክመዋል።
«አይደለሽም» አልኳት፤ «የዛሬውን ቃል አንቺም አታውቂው፤
ስምሽ ከእንግዲህ ለመጠሪያ ብቻ ነው።»