ሁለት ጉንድሾች

ከጃንተከል ዋርካ፣ ጥላው ከሚያልቅበት፣
አለች ትንሽ ቦታ እኔ የቆምሁበት፤
ከረሜላ በክር፣ ክብሪት በቆርቆሮ፣
የጠርሙስ ክዳኑ በምስማር ተቀርቅሮ፣
"ሞክሩ!" ስል ኖርሁ፣ ባንድ ብር ሦስት ርሳስ፣
ለሳተ ማጽናኛ፣ ለመታ የሚላስ።
ዘንድሮ ግን በጥምቀት፣ ሞልቶ ሳለ ደጄ፣
ያቺ አሮጌ ብረት ዝም አለች በእጄ።
ሞላዋ ተሰብሮ።

ቢያድግልኝ መጣ፣ የመተማው ነጋዴ፣
ዘረጋው ጆንያ፣ "እይ" አለኝ "ዘመዴ"።
ሁለት ጉንድሽ ነገር፣ ሁለት ድንክ ብረት፣
አንገት የሌላቸው፣ ያበጠ ደረት፤
ቃታው ፊት ወጥቶ ነው፣ ሆዱ ኋላ ቀርቶ፣
ካዝናው ከጉንጭ ሥር ከሰደፉ ገብቶ።
ባሩድ አይቀምሱም፤ የአየር ናቸው ሁለቱም፣
እንደ እኔ ያሉ ድሃ፣ ትንፋሽ ነው ሀብታቸውም።

ሳቅሁ። አባቴ ምንሽሩን ሲያቆም ከምሰሶ፣
አፈሙዙ ነበር ከአናቱ ላይ ደርሶ።
"ይኼስ?" አልሁት፣ "አድጎ ነው? ወይስ ገና ጨቅላ?"
"አድጓል" አለኝ ቢያድግ፣ "ያደገው ወደ ኋላ።"

አንዱ ጥቁር ነው፤ ፕላስቲክ፣ ቀላል፣
እንደ ክረምት ጃንጥላ በብብት ይያዛል።
ሲተኩስ አይሰማም፤ "ሽፍ" ብቻ፣ እንደ ሰው፣
ከንፈሩን እንደሚመጥ ነገር ሲያሳዝነው።
ግን መሳቢያው በቀኝ፣ ሌላ ጎን የለውም፣
ግራኝ ሰው ቢያልምበት ጉንጩን አይምረውም።

ሌላው እንጨት ለብሷል፤ ቡናማ፣ ከባድ ነው፣
ጅማት ጅማት ያለው፣ እጅ የሚዳብሰው፤
አንዴ በፓምፕ ከጠጣ አርባ ይተኩሳል፣
የጥቁሩ ትንፋሽ በሃያ አምስት ያንሳል፤
መሳቢያው ከግራም ከቀኝም ይዞራል፣
ለማንም እጅ ቢሆን እሺ ብሎ ያድራል።

የፒያሳ ሰው ሁሉ ያኔ ሊቅ ሆነብኝ።
"ክብደት ነው የሚያስመታ!" አንዱ ተቆጣብኝ፤
ባጃጁን አቁሞ ጣልቃ ገባ ነጂ፣
"ከባድ የሚሸከም አህያ ነው እንጂ።"
ጡረተኛው ሻለቃ መነጽሩን ወልውሎ፣
እንጨቱን አነሣ፣ "እስቲ ልሞክር" ብሎ፤
ሻማ አስለኩሶ፣ አርባ እርምጃ ርቆ፣
ነበልባሉን ብቻ ቀጠፈ ጠንቅቆ።

ድምፁ ግን — ጧ!
ከዋርካው ላይ ርግብ እንዳለ ተነሣ።
ሊስትሮው ልጅ ብሩሹን ጥሎ
በደረቱ ተኛ፣ ከሣጥኑ ኋላ።
ማንም አልሳቀም።
አሥር ዓመት አይሞላውም፤
መተኛት ግን ያውቃል።

ይኼ ሁሉ ጣጣ ለኔ ቢሆን ምን ነበር፤
የእኔ ዓይን ሞራ ለብሷል፣ ቀርቶታል ማማተር።
ኢላማው የልጄ፣ የአዛለች ነው ዛሬ፤
እሷ ደግሞ ግራኝ። ሰው አየኝ ብዬ አፍሬ፣
"በቀኝሽ!" ብያት ነበር፣ ገና በስምንቷ፤
ክብሪቱን አጋየችው፣ ሳቀች እንደ እናቷ።
አንዱ ለልጄ ጉንጭ፣ አንዱ ለዚያ ልጅ ጆሮ፣
ሁለት ሌሊት አደርሁ ሐሳቤ ተቋጥሮ።
ዋጋቸው እኩል ነው። ምናለ ቢለያይ?
ድህነት ይመርጥ ነበር የኔን ፊት እንኳ ሳያይ።

በሦስተኛው ቀን መጣች። እንጨቱን አንሥታ
ከግራ ጉንጯ ጋር አዋለችው ለአፍታ፤
ልክ ተለክቶ ነው የተቆረጠላት፣
እኔ አየሁ፣ ቢያድግ አየ፣ ሁላችን አወቅንላት።
መልሳ አስቀመጠችው። "ጥቁሩን" አለችኝ፤
"እጅማ ይለምዳል..." ሳትጨርስ ተወችኝ።

ከቀሃ ማዶ አንድ ሰው እንጨቱን ገዛው አሉ፤
አንዳንድ ማታ ጧ ሲል ውሾች ይጮሃሉ።
ሳላይ እላለሁኝ፦ "መታ፣ ጣለው መትቶ"፤
ያልገዙት ጠመንጃ ስቶ አያውቅም ከቶ።

አዛለች በቀኟ ገና እየለመደች፣
ከረሜላው ይቅርና ግንዱንም ሳተች።
"ሽፍ።"
ርግቦቹ ከቅርንጫፋቸው አልተነሡም።
"ድገሚው" ይላታል ሊስትሮው፣
ጫማ ላይ እንዳጎነበሰ፣
ብሩሹን ሳይጥል።